የድሮን ላይሰንስ ከማውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሠርግ የሚቀርጹ የአገራችን ልጆች ስለ ድሮን ላይሰንስ ሲያወሩ ወሬው ወዲያው ወደ ፈተናው ይሄዳል። ይከብዳል ወይ? ስንት ይከፈላል? በስንት ጊዜ ይደርሳል? ፈተናው ግን የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ረጋ ብሎ ያጠና ሰው ያልፈዋል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊመልሱት የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ። ደንበኞችዎ የሚኖሩበትና የሚደግሱበት ቦታ ሰማዩ ለድሮን ክፍት ነው ወይ?

በዲሲ ዙሪያ መልሱ በአብዛኛው "አይደለም" ነው። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ በወጣው ደንብ መሠረት የሬገን አውሮፕላን ማረፊያን መሃል አድርጎ እስከ 30 ማይል የሚደርስ ልዩ የበረራ ክልል ተከልሏል። በዚያ ውስጥ ደግሞ እስከ 15 ማይል ድረስ የሚሄድ የውስጥ ቀለበት አለ። በውስጠኛው ቀለበት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ፣ በተለምዶ ኤፍኤኤ የምንለው መሥሪያ ቤት፣ በተለይ ካልፈቀደ በቀር ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። ላይሰንስ ያለውም የሌለውም፣ 249 ግራም የምትመዝነውን ትንሿን ድሮን የያዘውም እኩል ተከልክለዋል። አሁን ካርታውን ይዩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጡ ናት። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፎልስ ቸርች፣ ዩ ስትሪት፣ ሁሉም ውስጡ ናቸው። የእኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚስምበት፣ አዳራሽ የሚከራይበት፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ብዙው የወደቀው እዚያ ቀለበት ውስጥ ነው።

ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው የውጭ ክልል፣ ዉድብሪጅ አካባቢ ለምሳሌ፣ መብረር ይቻላል። ድሮኑ መመዝገብ፣ ከ400 ጫማ በታች መሆን፣ ከዓይን አለመራቅና ወደ ሌላ አውሮፕላን አለመጠጋት አለበት፤ አየሩም ጥርት ያለ መሆን አለበት። ደለስን የመሰሉ ማረፊያዎችና ወታደራዊ ቦታዎች ደግሞ በዚያው ክልል ውስጥ የራሳቸው ቁጥጥር አላቸው። "ሙሽሮቹን ሊንከን መታሰቢያ ፊት አቁሜ ከላይ አነሳቸዋለሁ" ብለው አስበው ከሆነ ሐሳቡን እዚሁ ይተዉት። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መታሰቢያውን ጨምሮ በሚያስተዳድረው ምድር ላይ ድሮን ማስነሳትና ማሳረፍን ከልክሏል።

አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ላስ ቬጋስ ላሉ አንባቢዎች ነገሩ ይቀላል። እዚያ የሚያስቸግረው በትልልቅ ማረፊያዎች ዙሪያ ያለው ቁጥጥር ያለበት አየር ነው። ለእሱ ደግሞ ላንክ በሚባለው ሥርዓት፣ በስልክ አፕ፣ ፈቃድ ይጠየቃል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመጣል። ካርታው በአራት ማዕዘን ሣጥኖች ተከፋፍሏል፤ በየሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ወዲያው የሚፈቀደው ከፍታ በጫማ ነው። ዘወትር የሚሠሩባቸው አዳራሾች ዜሮ የተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ከሆኑ ወዲያው የሚመጣ ፈቃድ የለም፤ ቀደም ብሎ ለኤፍኤኤ ማመልከትና መጠበቅ የግድ ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ሥራዎችዎን አድራሻ አንድ በአንድ ካርታው ላይ ያስቀምጡ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከየትኛውም የዩቲዩብ ምክር ይበልጣል።

ላይሰንሱ በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

"ገንዘብ ካልተቀበልኩ ላይሰንስ አያስፈልገኝም" የሚለው እምነት በሰፊው ይወራል፤ ስህተት ነው። ሕጉ የሚያየው ገንዘቡን ሳይሆን የበረራውን ዓላማ ነው። ለራስዎ ደስታ ብቻ የሚያበሩ ከሆነ ትረስት የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት ፈተና ወስደው የመዝናኛውን ሕግ መከተል ይበቃል። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ከኦገስት 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው፣ ላይሰንሱን በሚጠይቀው ፓርት 107 በተባለ የኤፍኤኤ ደንብ ይገዛል። ቤት ሻጭ ለሆነችው የአክስትዎ ልጅ በነፃ ያነሱት ቪዲዮ ቤቱን ለመሸጥ የሚያገለግል ነውና የንግድ በረራ ነው። ለደብሩ የዩቲዩብ ገጽ በበጎ ፈቃድ የቀረጹት የጥምቀት በዓልም ከመዝናኛ አይቆጠርም። ኤፍኤኤ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት የሚደረግን የበጎ ፈቃድ በረራ ጭምር ከመዝናኛ ውጭ አድርጎ ነው የሚያየው። "ለጽድቅ ነው ያደረግኩት" የሚለው መልስ ተቆጣጣሪው ፊት አይሠራም።

ሕጉን የጣሰ ሰው የሚጠብቀው ቅጣትም አድጓል። በሜይ 2024 የጸደቀው የኤፍኤኤ ሕግ በአንድ ጥሰት እስከ 75,000 ዶላር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ደንግጓል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀጣው ይህን ያህል ነው ማለት አይደለም። ግን አንድ ሠርግ ለሚያስገኘው ገንዘብ የሚደፈር ቁጥርም አይደለም።

ማን ማውጣት ይችላል?

መስፈርቱ አጭር ነው። 16 ዓመት መሙላት፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳት፣ ድሮኑን በደህና ለመምራት የሚያስችል የአካልና የአእምሮ ጤንነት። የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም። የአሜሪካ ዜግነትም አይጠየቅም፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ለፈተና ሲቀርብ ፓስፖርቱንና ሌላ መታወቂያ መያዝ አለበት፤ የደህንነት ማጣራቱም ለማንም አይቀርም።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። ላይሰንሱ የሥራ ፈቃድ አይደለም። በተማሪ ቪዛ ያለ ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ሆኖ ወርክ ፐርሚቱ ያልመጣ ሰው ፈተናውን ማለፍ ይችላል፤ ሠርግ ቀርጾ ገንዘብ መቀበል ግን የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው፤ የኤፍኤኤ ካርድ ከዚያ አያድነውም። ድሮን ማስመዝገቡም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ ባለቤት ያን ያህል ቀጥተኛ አይደለም። ወረቀትዎ በሂደት ላይ ከሆነ ጠበቃዎን ጠይቀው ይጀምሩ።

ስለ ፈተናው

60 ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ፣ ማለትም 42 ትክክል። እያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ምርጫ አለው። ክፍያው 175 ዶላር ነው፤ የሚፈተኑትም ፒኤስአይ በሚባለው ድርጅት ጣቢያዎች በአካል ቀርበው ነው። ከመመዝገብዎ በፊት አያክራ በተባለው የኤፍኤኤ ድረ ገጽ የመለያ ቁጥር ማውጣት አለብዎ። ከወደቁ 14 ቀን ቆይተው ሌላ 175 ዶላር ከፍለው ይደግማሉ። የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ አስተርጓሚ የለም።

ድሮን እያበረሩ የሚያሳዩት የተግባር ፈተና የለም። ይህ ብዙዎችን ያስደስታል፤ እኔን ግን ያሰጋኛል። ካርዱ በእጁ እያለ ነፋስ ላይ ድሮን መቆጣጠር የማይችል ሰው ይኖራል ማለት ነውና። ሜዳ ላይ የሚደረገውን ልምምድ የሚያስገድድዎ የለም፤ የራስዎ ፋንታ ነው።

ሰው የሚወድቀው በደንቡ ጥያቄዎች አይደለም። የ400 ጫማ ጣሪያ፣ የ100 ማይል የፍጥነት ወሰን፣ የ3 ማይል የእይታ ርቀት፣ ከደመና 500 ጫማ ዝቅ ማለት፣ እነዚህ በቃል ይያዛሉ። የሚያስቸግረው ሴክሽናል ቻርት የሚባለው የአብራሪዎች ካርታ ነው። በሰማያዊና በወይን ጠጅ ቀለም የተሳሉ ክቦች፣ የተቆራረጡ መስመሮች፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ቁጥሮች ይበዙበታል። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ "እዚህ ነጥብ ላይ ለመብረር ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?" የሚሉ ናቸው። በፈተናው ቀን የካርታዎቹ መጽሐፍ ይሰጥዎታል፤ የምልክቶቹ ፍቺም እዚያው መጽሐፍ ፊት ላይ አለ። ይህን ሳያውቁ ሁሉንም ምልክት በቃላቸው ለመያዝ የሚደክሙ አሉ። መጽሐፉን ኤፍኤኤ በነፃ በኢንተርኔት ስለሚያወጣው አስቀድመው ያውርዱትና በእሱ ይለማመዱ። የማጥኛ መመሪያውም ነፃ ነው። የሚከፈልባቸው ኮርሶች ጊዜ ይቆጥባሉ እንጂ ግዴታ አይደሉም። "ላይሰንስ እንሰጣለን" የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት ይሽሹት፤ ላይሰንስ የሚሰጠው ኤፍኤኤ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማነቆ የአየር ሁኔታ ሪፖርት ነው። ሜታር የሚባለው ዘገባ በአህጽሮት ታጭቆ የሚጻፍ ሲሆን፣ 18010 የሚል ቁጥር ካዩ ነፋሱ ከ180 ዲግሪ፣ ማለትም ከደቡብ፣ በ10 ኖት እየነፈሰ ነው ማለት ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው ዙሉ በሚሉት የግሪኒች ሰዓት ነው። በዚህ ረገድ እኛ ሳንበልጥ አንቀርም፤ የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት ስንቀያይር ያደግን ሰዎች ነን። 18፡00 ዙሉ ዲሲ ውስጥ በበጋ ከቀትር በኋላ 2፡00፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

ስለ አየር መሳሳት የሚጠየቀውንም አይዝለሉት። ከፍታና ሙቀት ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ያጣል፤ ሞተሩ በኃይል ስለሚሽከረከር ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ያደገ ሰው በባሕር ጠለል አጠገብ ካለችው ቨርጂኒያ ወደ ኮሎራዶ ተራራ ሲወጣ ድሮኑ ለምን እንደሚደክም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ካለፉ በኋላ ውጤቱ ሥርዓቱ ውስጥ እስኪገባ አንድ ሁለት ቀን ጠብቀው በአያክራ ያመለክታሉ። የደህንነት ማጣራቱ ሲያልቅ ጊዜያዊ ላይሰንስ በኢሜይል ይመጣል፤ በእሱ መሥራት ይጀመራል። ዋናው ካርድ ዘግይቶ በፖስታ ይደርሳል። ካርዱ ጊዜ አያልፍበትም፤ በየ24 ወሩ ግን ነፃ የሆነውን የማደሻ ትምህርት በኢንተርኔት መውሰድ ይጠበቅብዎታል።

ላይሰንሱ የማይፈቅደው

ሠርግ ላይ የሚፈለገው ሥዕል የታወቀ ነው። ሙሽሮቹ መሃል፣ አጃቢው ዙሪያውን፣ ድሮኑ ከላይ ቀስ እያለ ሲነሳ። ይህ ሥዕል ከሰው በላይ መብረርን ይጠይቃል፤ ፓርት 107 ደግሞ በጣም የሚጠነቀቀው እዚህ ላይ ነው። "ሙሽሮቹ ፈቅደዋል፣ ሚዜዎቹም ያውቃሉ" ማለት አያዋጣም። ከበረራው ጋር በቀጥታ የሚሠራው ሰው፣ ማለትም አብራሪውና ረዳቱ፣ ካልሆነ በቀር ሌላው ሁሉ ተሳታፊ አይባልም፤ ሙሽራዋም ጭምር።

ከሰው በላይ ለመብረር ድሮኑ ከአራት ምድቦች በአንዱ ውስጥ መግባት አለበት። ለትናንሽ ድሮኖች የታሰበው የመጀመሪያው ምድብ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ክብደቱ የተጫነበትን ሁሉ ጨምሮ ከ0.55 ፓውንድ፣ 250 ግራም ገደማ፣ አይበልጥም፤ ቆዳ ሊቆርጥ የሚችል ፕሮፔለርም ተጋልጦ አይታይም። ችግሩ 249 ግራም በሚመዝነው ድሮን ላይ የፕሮፔለር መከላከያ ሲገጥሙበት ክብደቱ ከወሰኑ ሊያልፍ መቻሉ ነው። ሕዝብ በሜዳ ተሰብስቦ ባለበት ቦታ ላይ አንዣብቦ ለመቆየት ደግሞ ሪሞት አይዲ፣ ማለትም ዝቅ ብዬ የማብራራው ድሮኑ ማንነቱን የሚያሳውቅበት ሥርዓት፣ የግድ ነው። በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን የሚካሄደውን፣ በ1984 የተመሠረተውን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ከሕዝቡ በላይ ሆነው ለመቅረጽ ያሰቡ ሰዎች ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ለአብዛኛው ሠርግ የሚያዋጣው መንገድ ከጎን፣ ራቅ ብሎ፣ ሰው በሌለበት ሣር ላይ ሆኖ ማንሳት ነው። ሥዕሉም እምብዛም አይጎዳም፤ እንዲያውም ቀጥታ ከላይ የተነሳ ሰው ፀጉርና ትከሻ ብቻ ነው።

ማታ መብረር ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ሳያስፈልገው ይቻላል፤ ከ3 ማይል የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ግን መኖር አለበት። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የኤፍኤኤ ደንብ አይገባም፤ የባለቤቱ ፈቃድና የእርስዎ ማስተዋል ነው የሚወስነው። ሕፃናት በሚሯሯጡበት አዳራሽ ውስጥ ድሮን ማስነሳት ለእኔ ድፍረት ነው።

የመጠጡንም ነገር ላንሳ፤ ድግስ ነውና። ከጠጡ 8 ሰዓት ሳይሞላ ማብረር ክልክል ነው። የሙሽራው አባት ብርሌውን ይዘው "ያለ እኔ ጠጅ አትሠራም" ቢሉ እንኳ እምቢ የሚሉበትን ቃል ከቤትዎ አዘጋጅተው ይሂዱ።

በበረራው ሰው ክፉኛ ቢጎዳ ወይም ራሱን ቢስት፣ ወይም ከድሮኑ ሌላ ንብረት ከ500 ዶላር በላይ ቢበላሽ በ10 ቀን ውስጥ ለኤፍኤኤ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ትንሽ ድሮን ጉዳት አያደርስም የሚል ካለ በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል የሆነውን ያስታውስ። አንድ ትንሽ ድሮን እሳት ከሚያጠፋ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ክንፉን በስቶታል፤ በዚያ ቀውጢ ሰዓት አውሮፕላኑ ከሥራ ውጭ ሆነ።

ስለ ድሮኑ ራሱ

ለመዝናኛ የሚበርር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ምዝገባ አይፈልግም። በፓርት 107 ግን ትንሹም ትልቁም ይመዘገባል። ለአንድ ድሮን 5 ዶላር፣ ለሦስት ዓመት። በጎግል ሲፈልጉ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉ የመንግሥት መሳይ ገጾች ይመጣሉ፤ በኤፍኤኤ በራሱ ገጽ ብቻ ይመዝገቡ። ቁጥሩ ድሮኑ ላይ በውጭ በኩል መጻፍ አለበት።

ያገለገለ ድሮን የሚገዙ ከሆነ ስለ ሪሞት አይዲ ይጠይቁ። ድሮኑ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ እየበረረ በሬዲዮ የሚያሳውቅበት ሥርዓት ሲሆን ከማርች 2024 ወዲህ ያለ እሱ የሚበር ይቀጣል። የቆየ ሞዴል ከሆነ የሚለጠፍበት መሣሪያ ለብቻው መግዛት ይኖርብዎታል። ርካሽ መስሎ የታየው ዋጋ እዚያ ላይ ያልቃል።

የቻይናው ድሮን ሠሪ የዲጄአይ ነገርም አለ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2025 በውጭ አገር የተሠሩ ድሮኖችን ለአገር ደህንነት ያሰጋሉ ከሚላቸው ዕቃዎች ዝርዝር አስገብቷል። ቀድሞ የተፈቀዱ ሞዴሎችን ማብረር አልተከለከለም፤ አዳዲስ ሞዴሎች ግን ወደ አሜሪካ ገበያ የሚገቡበት በር ተዘግቷል። ዛሬ የሚገዙት ድሮን ከሁለት ዓመት በኋላ ባትሪና መለዋወጫ የት እንደሚገኝለት ያስቡበት።

ያዋጣል ወይ?

በዲሲ የውስጥ ቀለበት ሠርግ ብቻ የሚሠራ ሰው ላይሰንስ ለማውጣት ባይቸኩል ይሻለዋል ባይ ነኝ። በዓመት ለሚያጋጥሙት ጥቂት የዳር ከተማ ሠርጎች ላይሰንስ ያለው ሰው መቅጠር ይቀልለዋል። ሕጉም ይረዳዋል፤ ላይሰንስ ያለው አብራሪ አጠገብ ቆሞ የሚቆጣጠር ከሆነና መቆጣጠሪያውን በቅጽበት መረከብ ከቻለ፣ ላይሰንስ የሌለው ካሜራማን ራሱ ሊያበርር ይችላል። ኃላፊነቱ ግን በባለ ላይሰንሱ ላይ ነው።

ከቀለበቱ ውጭ ያለ፣ ሠርጉን ትቶ ወደ ቤት ሽያጭ፣ ወደ ጣሪያ ምርመራ፣ ወደ ግንባታ ክትትል የሚያይ ሰው ግን ያዋጣዋል። እነዚህ ሥራዎች ከሠርግ የሚሻሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከታች ሰው የለም፣ ቀኑ ዝናብ ከሆነ ወደ ነገ ይተላለፋል፣ ሕንፃው እስኪያልቅም በየወሩ ይጠራሉ። ኢንሹራንስ በፌዴራል ሕግ ግዴታ ባይሆንም አዳራሾችና ኮንትራክተሮች ብዙ ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ወረቀት ይጠይቃሉ። ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ሰዓት የሚገዛ ኢንሹራንስም ስላለ በጅምሩ የዓመት ውል አይግቡ።

ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ

የፓርት 107 ካርድ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። በአውሮፓ ኅብረት ደንቡ ጭራሽ ሌላ ነው፤ የሚያየው የአደጋውን መጠን እንጂ ንግድ መሆን አለመሆኑን አይደለም፤ ካሜራ ያለው ትንሽ ድሮን ይዘው ቢሄዱም እንደ ኦፕሬተር መመዝገብ ይጠበቅብዎታል። ኢትዮጵያ ደግሞ ድሮኑን ወደ አገር ለማስገባት ራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የሚያልፈውም በኢንሳ፣ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በኩል ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። የወንድምዎን ሠርግ አገር ቤት ሄደው ለመቅረጽ ካሰቡ እዚያው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይቅጠሩ። አይ፣ የራሴን ይዤ እሄዳለሁ ካሉ ደብዳቤው በእጅዎ ሳይገባ ቲኬት አይቁረጡ፤ ትርፍ ባትሪዎቹንም በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም።